የኮድ ቃለ መጠይቅ ምን ይለካል?

ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሶፍትዌር መሐንዲስ የሚቀጥሩበት ሥርዓት የታወቀ ነው። አመልካቹ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ በሚደርስ ጊዜ ውስጥ፣ ጠያቂው እየተመለከተው፣ አንድ የአልጎሪዝም ጥያቄ በነጭ ሰሌዳ ወይም በጋራ ስክሪን ላይ ይፈታል፤ እየፈታም ሐሳቡን ጮክ ብሎ ያስረዳል። ከአዲስ አበባ ሆነው በኢንተርኔት ለውጭ ኩባንያ የሚያመለክቱ ወጣቶችም የሚያልፉት በዚሁ በር ነው። ስለዚህ ፈተናው የሚለካው የመሥራት ችሎታን ነው ወይስ በሰው ዓይን ሥር የመረጋጋት ችሎታን የሚለው ጥያቄ የብዙ ተመራቂዎችን ዕጣ የሚነካ ነው።

ኩባንያዎቹ ከዚህ ቀደም የቅጥር ልማዳቸውን በማስረጃ አርመው ያውቃሉ። ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ የመንገድ ጉድጓድ ክዳን ለምን ክብ እንደሆነ የመሳሰሉ እንቆቅልሾችን በመጠየቅ ይታወቅ ነበር፤ ጉግልም በዚያው መንገድ ሄዷል። ሆኖም የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ እንቆቅልሽ የአመልካቹን የወደፊት የሥራ ውጤት እንደማያመለክት በግልጽ ተናግረዋል። የኮድ ጥያቄው ከእንቆቅልሽ ይልቅ ለሥራው የቀረበ ቢሆንም፣ አቀራረቡ ተመሳሳይ ምርመራ ይሻል።

የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ሰጡ። ገሚሶቹ በጠያቂ ፊት ሐሳባቸውን እየተናገሩ፣ ገሚሶቹ ለብቻቸው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈቱ። በጠያቂ ፊት የቆሙት ውጤት ከግማሽ በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከሴቶቹ መካከል በጠያቂ ፊት በትክክል የፈታች አልነበረችም፤ ለብቻቸው የሠሩት ሴቶች ግን ሁሉም ፈትተዋል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ውጤቱን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ የሚያሳስበው አቅጣጫ ግልጽ ነው። ችሎታ ያለው ሰው ችሎታ እንደሌለው ተቆጥሮ ሊሰናበት ይችላል።

ምክንያቱ ከሥራው ጠባይ ይገኛል። መሐንዲሱ የዕለት ጊዜውን የሚያሳልፈው ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ በማንበብ፣ ስሕተት በመፈለግ፣ ሰነድ በማገላበጥና ከባልደረቦቹ ጋር በመመካከር ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ የሚወለደው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጸጥታ ነው። በቃል ችሎታ የሚታወቀው የቅኔ ቤት እንኳ ይህን ይረዳል፤ ተማሪው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥርና ከዚያ በኋላ ለመምህሩ ይነግራል። እየቆጠረ እንዲናገር የሚያስገድደው የለም።

ለነባሩ ሥርዓት የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። የአልጎሪዝም ጥያቄ የዩኒቨርሲቲን ዝና አይጠይቅም፤ ስሙ በውጭ አገር ለማይታወቅ ተቋም ተመራቂ እኩል ዕድል የሚሰጥ ይመስላል። በእርግጥም ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በር ከፍቷል። ነገር ግን ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚደረገው ልምምድ ወራት ይፈልጋል፤ ቀን እየሠራ ቤተሰብ የሚረዳ ወጣት ይህ ጊዜ የለውም። መብራት ወይም ኢንተርኔት በመካከሉ የተቋረጠበት አመልካች ደግሞ የሚፈተነው በእጁ በሌለ ነገር ጭምር ነው።

መፍትሔው ፈተናን ማስቀረት አይደለም፤ ማስተካከል ነው። ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙ ጥናቶችን እንደገና መርምረው፣ የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ተዛምዶ 0.42፣ ያልተዋቀረው ግን 0.19 መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ቀጣሪዎች ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄና አስቀድሞ የተጻፈ የነጥብ መመዘኛ ቢጠቀሙ፣ ጥያቄውን ለብቻው እንዲፈታ ጊዜ ሰጥተው ውይይቱን ከዚያ በኋላ ቢያደርጉ፣ ከአዲስ ጥያቄ ጎን ለጎንም ስሕተት ያለበትን ነባር ፕሮግራም ቢያቀርቡ የተሻለ ፍርድ ያገኛሉ። ይህ ከአገር ውስጥ ቀጣሪዎች ሊጀምር ይችላል፤ የተበደሩት ሥርዓት ገና ስላልጸና ለመለወጥ አይከብድም። የኮምፒውተር ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ክፍሎችም ሁለቱን የፈተና መንገዶች በራሳቸው ተማሪዎች ላይ በማነጻጸር፣ እስካሁን ከውጭ ብቻ ሲጠቀስ የኖረውን ማስረጃ በአገር ውስጥ መረጃ ሊፈትኑት ይገባል።