ትንሿ ሳጥን ወረታ ስትደርስ

ኮምፒውተር ራሳቸው ገጣጥመው ጌም በሚጫወቱ ወጣቶቻችን ዘንድ አንድ እምነት ሥር እየሰደደ ነው፤ ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ገጣጣሚው ብልህ፣ ማሽኑም ዘመናዊ ነው የሚል። መመዘኛው ሊትር ሆኗል። ቪአይኤ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ጎኑ 17 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ ሲያወጣ በዋናነት ያሰበው ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚፈጁ ጸጥተኛ ማሽኖች ነበር። ዛሬ ግን በዚያች ካሬ ላይ ኃይለኛ ፕሮሰሰር ተክሎ፣ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ጎኗ ላይ አጣብቆ፣ ሁሉንም እንደ ዳን ኤ4 ባለ 7.2 ሊትር ኬዝ ውስጥ መክደን እንደ ጥበብ ይቆጠራል። ባሕር ዳር ወይም ወረታ ያለ ልጅ ይህችን ሳጥን ዩቱብ ላይ ያያታል፤ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሲያገኝም እሷኑ ያስመጣል። ምክንያቱን ሲጠየቅ “ይዤው እንድንቀሳቀስ” ይላል። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ምርጫው ግን ምክንያቱን አይከተልም። ተንቀሳቃሽ ሊባል የሚገባው ኮምፒውተር በደረሰበት ቦታ የሚበራ፣ ሲበላሽም በአቅራቢያው የሚጠገን ነው። ቦርሳ ውስጥ መግባቱ ከዚያ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው አንድ አዳራሽ ይሰበሰቡ፣ በኬብል ተያይዘው ኩዌክን የመሰሉ ጌሞች ሲጫወቱ ያድሩ ነበር። ከባዱን የብረት ታወር ደረጃ ለደረጃ መሸከም ሲያታክት ትንንሽ ሳጥኖች ገበያ አገኙ። ያ ጉዞ ግን ከአንድ የተሟላ ቤት ወደ አንድ የተሟላ አዳራሽ ነበር። መብራቱ አይቆራረጥም፤ ክፍሉ ማቀዝቀዣ አለው፤ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል በማግስቱ ሌላ በር ድረስ ይመጣል። ከሳጥኗ የጎደለውን ሁሉ ከተማው ይሞላዋል፤ ሊትር ሲቆጠር ግን ይህ የከተማው ድርሻ አብሮ አይቆጠርም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይኸው ነው።

ከአየሩ እንጀምር። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር እንደ ጅቡቲ ካሉ የባሕር ጠረፍ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ የሚዞረው ያንኑ ያህል ቢሆንም በማቀዝቀዣው ጥርሶች መካከል የሚያልፈው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አምራቾች ይህን ያውቁታል። ኤችፒ ለቢሮ ኮምፒውተሮቹ በሚያወጣው መመሪያ፣ ማሽኑ እንዲሠራ የተፈቀደበት የሙቀት ጣሪያ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ እየተቀነሰ ይታሰባል። በባሕር ጠለል ላይ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ማሽን ወረታ ሲደርስ 29 ይቀረዋል ማለት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ይህን ሙቀት ማለፍ አያቅተውም። ሰፊ ኬዝ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ፋን ሁለት ሦስት ስለሚይዝ ጉድለቱን በዝግታ ያካክሰዋል። በትንሿ ሳጥን ውስጥ ግን ለፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ የሚተርፈው ቁመት ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ያቺ ቀጭን ፋን የምትችለውን ያህል ትጮኻለች፤ ሲያቅታት ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በስንት ወር ቁጠባ የተገዛው ፍጥነት በዚህ መልክ ይባክናል።

አቧራው ደግሞ አለ። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ወረታን የከበበው የፎገራ ሜዳ ዋልካ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሩዝ ተወቅቶ መፈልፈል ሲጀምር የገለባው ብናኝ ከአፈሩ ብናኝ ጋር ይቀላቀላል። ይህ በየትኛውም ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ልዩነቱ አጸዳዱ ላይ ነው። የታወሩን ጎን በሁለት ብሎን ከፍቶ በብሩሽና በንፋስ መጥረግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በ7 ሊትር ሳጥን ውስጥ ግን ወደ ማቀዝቀዣው ለመድረስ ካርዱን መንቀል፣ ኬብሎቹን መፍታት፣ አንዳንዴም ፓወር ሰፕላዩን ማውጣት ያስፈልጋል። በወር አንድ ጊዜ መጽዳት ያለበት ማሽን እንዲህ አድካሚ ሲሆን በዓመት አንድ ጊዜም አይጸዳም። ይህን የባለቤቱ ስንፍና አድርጎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ የሳጥኑ ጉድለት ነው እላለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው የመብራቱ ሒሳብ ነው። የሩዝ መፈልፈያ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ስለሚስብ በዚያው መስመር ላይ ያለ ቤት አምፖሉ ፈዘዝ ይልበታል። በዚህ ላይ መብራት ሳይታሰብ ሄዶ ሳይታሰብ ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ግድ ነው፤ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ደግሞ ባለ 650 ቪኤው ነው። ይህ ዕቃ በስሙ 650 ቢባልም የሚሸከመው 360 ወይም 390 ዋት ገደማ ነው። አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ ብቻውን እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ ገና አልተቆጠሩም። ዩፒኤሱ ውስጥ ያለችው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ናት፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ከስክሪኑ ጋር 80 ዋት የሚፈጅ ማሽን በእሷ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል። 350 ዋት የሚፈጀው ግን ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት እንኳ መጣደፍ አለበት። ደግሞም ዩፒኤሱ ራሱ ሲለካ አራት ሊትር ገደማ ነው፣ ባትሪው እርሳስ ስለሆነም ይከብዳል። 7.2 ሊትር ብሎ የሚኩራራው ሰው ዩፒኤሱን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ስታብላይዘሩን ሲደምር የቆጠባት ሊትር የት እንደገባች አያገኛትም።

የመለዋወጫው ጉዳይ ሌላ ነው። ትንንሾቹ ኬዞች አብዛኞቹ የሚቀበሉት ኤስኤፍኤክስ የሚባለውን ጠባብ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ መደበኛው ኤቲኤክስ አይገባባቸውም። ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጀርባ ለማዞር ደግሞ ራይዘር ኬብል ይጠቀማሉ። ይህች ኬብል ቀላል አይደለችም። ኤንዜድኤክስቲ ኤች1 የተባለችው ከ14 ሊትር ያነሰች ኬዝ በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከገበያ እንድትሰበሰብ የተደረገው የራይዘሩ ማሰሪያ ብሎኖች ሾርት ፈጥረው እሳት ሊያስነሱ ስለሚችሉ ነበር። እዚያ ገዢው ምትክ ተላከለት። ወረታ ላለ ገዢ ማን ይልክለታል? ኤስኤፍኤክስ ሲቃጠልበት ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቢጠይቅ የሚያገኘው ኤቲኤክስ ነው፤ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት መንገዱ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥም የግድ ሆኗል። ከውጭ ማስመጣቱም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር አልፏል። ያቺው ትንሽ ሳጥን በዶላርም ስትሸጥ ውድ ናት፤ ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራው ማይክሮ ኤቲኤክስ ይበልጥ ይሸጣል፣ ኤስኤፍኤክስም ከኤቲኤክስ። ገዢው ለመጠኑ ማነስ ብቻ ጭማሪ ይከፍላል፤ ሲበላሽም እንደገና ይከፍላል።

እዚህ ላይ የአገሩ ገበያ ከዩቱቡ ይልቅ ብልህ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው ዩዝድ ሆነው የሚገቡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ኮምፒውተሮች በየከተማው አሉ። ባለ ሙያ ነኝ የሚል ገጣጣሚ ይንቃቸዋል፤ ማዘርቦርዳቸውም ፓወር ሰፕላያቸውም የኩባንያው የራሱ ቅርጽ ስለሆነ “ስታንዳርድ አይደሉም” ይላል። በወረቀት ደረጃ እውነቱን ነው። ነገር ግን መለዋወጫ የሚገኘው በወረቀት ላይ ሳይሆን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። አንድ ኦፕቲፕሌክስ ሲሞት አካሉ ለሌላው ይሆናል፤ ጠጋኙም ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ስለዚህ ለእኛ የዴል የብቻ ፓወር ሰፕላይ ከዓለም አቀፉ ኤስኤፍኤክስ ይልቅ ስታንዳርድ ነው። ለጌም ካርድ ሊጨመርባቸውም ይችላል፤ የግራፊክስ ካርዱ መሰኪያ እስከ 75 ዋት ድረስ ያለ ተጨማሪ ኬብል ይሰጣል፤ ባለ 6 ጊጋ ባይቱ አርቲኤክስ 3050 የሚፈልገው 70 ዋት ነው። የታወሩን ትንሽ ዓይነት የመረጠ ሰው ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ይገባለታል፣ በአንድ ክንድ አቅፎም ሚኒባስ ይሳፈራል። ጠባቡ ዓይነት ግን አጭር ካርድ ስለሚፈልግ ምርጫው ይጠባል፤ ለዚህም ነው እኔ ትንሹን ታወር የምመርጠው።

ክርክሩን የሚቃወሙ ሰዎች ከባድ ነጥብ አላቸው። ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ዶርም ውስጥ ለታወር ቦታ የለውም፤ የኪራይ ክፍሉ አልጋና አንዲት ጠረጴዛ ነው፤ ትልቅ ሳጥን ይዞ መንገድ ላይ መፈተሹም፣ ለሌባ መታየቱም አለ። ይህን አልክድም። ግን ለዚህ ልጅ መልሱ 450 ዋት የታጨቀባት ሳጥን አይደለችም። ጌሙ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ብዙ ልጅ የሚጫወተው የእግር ኳስ ጌሞችንና ጂቲኤ 5ን ነው። ጂቲኤ 5 በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ሲወጣ የተመከረለት ካርድ ጂቲኤክስ 660 ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ግራፊክስ በውስጣቸው ያለባቸው ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ ባለ 65 ዋቱ ራይዘን 5 5600ጂ፣ ያለ ካርድ ያጫውቱታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስላልተመለሰ፣ ያለ ኔት የሚሠራ ጌም ያለው ሰው ብቻ የተጫወተበት ጊዜም አልፏል። የመቶ ጊጋ ባይት ጌም የሚያሳድድ ማሽን በዚያ ወቅት ምን ይሠራ ነበር?

ሁለተኛው ተቃውሞ “እንግዲያው ላፕቶፕ ይግዛ” ነው። ላፕቶፑ በአንድ ነገር ይመሰገናል፤ ባትሪው አብሮት ነው። የጌም ላፕቶፕ ግን ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል፣ ሙቀቱም ከ7 ሊትሯ ሳጥን የባሰ ነው። ጥናቱንና ጌሙን በአንድ ዕቃ ማድረግ ለሚፈልግ፣ ኃይለኛ ካርድ የሌለው መደበኛ ላፕቶፕ ይሻለዋል እላለሁ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቺፖቹ በየዓመቱ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ እየሆኑ ስለሆነ ትንሽ ሳጥን ነገ የሁሉም ምርጫ ይሆናል የሚል ነው። ይህ እኔን የሚደግፍ እንጂ የሚቃወም አይደለም። ቫልቭ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣት ስቲም ዴክ በእጅ የምትያዝ ሙሉ ኮምፒውተር የሆነችው መሐንዲሶቹ ዋና ቺፗ ከ15 ዋት እንዳያልፍ አስቀድመው ስለወሰኑ ነው። መጠኗ ያንን ውሳኔ ተከትሎ የመጣ ነው። የእኛ ገጣጣሚዎች በተቃራኒው ሊትሩን አስቀድመው ይወስኑና ዋቱን እንደምንም ያጭቁበታል። ዋቱ አስቀድሞ ከተወሰነ፣ ማለትም 65 ዋት ፕሮሰሰር ያለ ካርድ፣ ወይም ከ75 ዋት የማያልፍ ካርድ ከተጨመረበት፣ ሳጥኑ በራሱ ጊዜ ያንሳል፤ ዩፒኤሱ ይችለዋል፣ ፋኑ አይጮህም፣ መደበኛ ፓወር ሰፕላይ የሚገባበት የማይክሮ ኤቲኤክስ ኬዝም ይበቃል። ያ ኬዝ 7 ሊትር አይሆንም፤ 20 ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሆናል። ከወረታ ባሕር ዳር በሚኒባስ ለመሄድ በጭን የማይያዝ መጠን አይደለም።

አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ ውበት። ትንሿ ሳጥን ታምራለች፣ መግጠሟም እጅን የሚያሠለጥን ሥራ ነው። ገንዘቡ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍልና የማይቆራረጥ መብራት ላለው ሰው ማንም አይከለክላት። ቅሬታዬ የእሱን ምርጫ ለሁሉም የሚያዝዙ ሻጮችና መካሪዎች ላይ ነው። የቴሌግራም ማስታወቂያዎቻቸው የመስታወቱን ጎን፣ የመብራቱን ቀለምና ሊትሩን ይዘረዝራሉ፤ ጠቅላላ ዋቱን፣ የፓወር ሰፕላዩን ዓይነትና ምትክ ከየት እንደሚገኝ አይጽፉም። ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ሦስቱን ይጠይቅ፤ ሻጩ መመለስ ካልቻለ ሳጥኗ ስንት ሊትር መሆኗን መስማትም አያስፈልገውም።