ያልተቆጠረው መለኪያ

የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ደም የሚበዛበት ቀዶ ሕክምና ነው። የደማ ደም ሥር ይታሰራል፣ ይተኮሳል። የተቆረጠ አጥንት ግን እንደ ስፖንጅ በየቀዳዳው ያነጥባል እንጂ የሚታሰር ጫፍ የለውም። የጭን አጥንት ራስ ተቆርጦ ሲወጣ፣ የዳሌው ጎድጓዳ ሲሞረድ፣ ብረቱ የሚገባበት መቅኔ ሲሰረሰር ከሦስቱም ቦታ ይደማል። ጤናማ ሰው እንኳ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ሊያጣ ይችላል፤ የአዋቂ ሰው ጠቅላላ ደም ደግሞ 5 ሊትር ያህል ነው። ጉልበት ሲቀየር ጭኑ ጠብቆ ስለሚታሰር በሥራው ሰዓት ብዙ ደም አይታይም። ደሙ የሚመጣው ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ቁስሉ ተሰፍቶ፣ ቤተሰብ «ተመስገን» ካለ በኋላ ነው።

ያን ደም የሚያቆመው የሐኪሙ እጅ ብቻ አይደለም። የታካሚው ጉበትና መቅኔም ድርሻ አላቸው። ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች በአብዛኛው የሚሠሩት በጉበት ውስጥ ሲሆን፣ ቀዳዳውን ቀድመው የሚደፍኑት ፕላትሌቶች የሚወለዱት በመቅኔ ነው። ለዓመታት በብዛት የተጠጣ አልኮል ሁለቱንም ያዳክማል። መቅኔው ፕላትሌት ማምረቱን ይቀንሳል፤ የተመረቱትም እርስ በርስ መጣበቅ ያቅታቸዋል። ጉበት በጠባሳ ሲደድር ወደ እሱ የሚሄደው ደም መንገድ ይጠበውና ወደ ጣፊያ ይመለሳል፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕላትሌቱን ይዞ ያስቀራል። ብዙ የሚጠጣ ሰው ምግብ ስለሚቀንስ እንደ ጎመን ካሉ ቅጠሎች የሚገኘው ቫይታሚን ኬም ያጥረዋል፤ ያለ እሱ ጉበት ደም ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹን አሟልቶ መሥራት አይችልም።

በጣና ዳርቻ ላሉ ሰዎች ነገሩ ይብሳል። ሐሙሲት ባለችበት በደራ፣ ከዚያም አልፎ በፎገራ፣ ከውሃ በሚገባ ትል የሚመጣው ቢልሃርዝያ የቆየ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል በጉበት ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፣ ጣፊያንም ያሳብጣል። ሩዝ ማሳ ውስጥ ቆሞ ያደገ ሰው አረቄ ሲያዘወትር አንዱን ጉበት ሁለት ጠላት ይመታዋል። ስለ መጠጥ ጉዳት ሲወራ ይህ ጉዳይ አለመነሣቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

እዚህ ላይ ሌላም መነሣት ያለበት ጉዳይ አለ፤ እሱም ጠላን ከመጠጥ ያለመቁጠር ልማድ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት «መጠጥ ትጠጣለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ «ኧረ አልጠጣም፣ ጠላ ብቻ» ይላል። ዋሽቶ አይደለም። ጠላ ለእሱ የሰንበቴ፣ የማኅበርና የደቦ ነገር ነው፤ መጠጥ የሚባለው ቢራና አረቄ ነው። ጉበት ግን እንዲህ አይለይም። 4 ከመቶ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ጠላ 32 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 40 ከመቶ የሆነ አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 16 ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሊትር ጠላ ከአራት መለኪያ አረቄ ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም ከ60 ግራም ያልፋሉ። የቀዶ ሕክምና ጥናቶች «ከባድ ጠጪ» የሚሉት በቀን ይህን ያህል የሚወስደውን ሰው ነው። ዳግም አረቄ ከ40 ከመቶ በላይ ሲሆን ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል።

ጥያቄው ራሱ መለወጥ አለበት። «ትጠጣለህ?» መባሉ ቀርቶ «ትናንት ምን ያህል ጠላ ቀረበ? ሐሙስ ገበያ ሲውሉስ ስንት መለኪያ ይሆናል?» ቢባል እውነተኛው መልስ ይገኛል። ባለቤቲቱ ወይም ልጁ አጠገብ ካሉ እነሱም መጠየቅ አለባቸው፤ በቤት ውስጥ የሚቀዳውን የምታውቀው ቀጂዋ ናት።

መጠጡ መድማትን ከማብዛቱ በፊት ወደ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሊያደርስ ይችላል። ብዙ አልኮል ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም ሊያቋርጥ ይችላል፤ አጥንቱ በደም እጦት ይሞታል፣ ይደረመሳል። ሰውየው ብሽሽቱን ያመዋል፣ ያነክሳል፣ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ወጌሻ የወለቀና የተሰበረ የማያይ አይደለም፤ ለሞተ የአጥንት ራስ ግን ማሸት መድኃኒት አይሆነውም። ከዚያ ሕመሙን ለማስታገስ አረቄ ይጨመራል፣ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ይገዛል። ዲክሎፌናክ የፕላትሌትን ሥራ ያዳክማል፣ ከአልኮል ጋር ሲሆን ደግሞ ጨጓራን ያደማል። እንዲህ ያለው ሰው ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲደርስ ገና ሳይነካ ደም ያነሰው ሆኖ ይገኛል።

ብዙ ጊዜ የሚሰማ ምክር አለ፦ «ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ሁለት በል፣ ደምህ ይሞቃል።» ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል፤ መጠጥ ፕላትሌትን ያዳክማልና። ለዳሌና ለጉልበት ቅየራ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ በወገብ ይሰጣል። ፕላትሌቱ በጣም ከወረደ በመርፌው ቦታ የሚፈሰው ደም ነርቭን ሊጫንና እግርን ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል ያ ማደንዘዣ ይከለከላል። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለው። ከ50,000 በታች ከሆነ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይዘገያል፣ አለዚያም ፕላትሌት ይሰጣል። ፕላትሌት ደግሞ እንደ ቀይ ደም ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ከተሰበሰበ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው።

ተስፋ የሚሰጠው ነገር መቅኔ ይቅር ባይ መሆኑ ነው። ጉበቱ ገና ካልደደረ፣ መጠጥ በቆመ በጥቂት ቀናት ፕላትሌት መጨመር ይጀምራል፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥም ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዴንማርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ከባድ ጠጪዎች መካከል አንድ ወር ቀድመው ካቆሙት 31 ከመቶ ብቻ ችግር ሲገጥማቸው ካላቆሙት ግን 74 ከመቶ እንደገጠማቸው አሳይቷል። ታካሚዎቹ 42 ብቻ ነበሩ፣ ቀዶ ሕክምናውም የአጥንት አልነበረም፤ ሆኖም አንድ ወር ለአጥንት ሐኪሞችም ጥሩ መለኪያ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ጠላም አረቄም የማይቀምሱ ብዙ ስለሆኑ፣ ለምእመን ታካሚ ቀጠሮው ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ቢውል ሐኪሙ ሊያዝ የሚገባውን ወር ጾሙ ራሱ ያዘለታል።

ማቆሙ ግን በሐኪም ዐይን ሥር ይሁን። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በ6 ሰዓትና በ48 ሰዓት መካከል የሚጥል በሽታ ሊመጣበት ይችላል፤ በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው መቃዠት። ሐኪሙ ሳያውቅ ይህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢነሣ፣ ሰውየው ከአልጋ ዘሎ አዲሱን ዳሌ ያወልቃል፣ የደም ግፊቱ ጨምሮ ቁስሉ ይደማል። ዘመዶች በድንጋጤ ጸበል ያፈላልጋሉ፤ ሌላው በሃይላንድ ጠርሙስ አረቄ ደብቆ ያስገባል። ሁሉም አዝነው የሚያደርጉት ነው፤ ቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ሐኪሙ በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ይከላከለው ነበር።

መድማትን የሚቀንስ መድኃኒትም አለ፤ እሱም ከመገጣጠሚያ ቅየራ ጋር እኩያ ነው። ጆን ቻርንሊ በእንግሊዝ ዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጀምር፣ ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ ትራኔክሳሚክ አሲድን ያስተዋወቁት በዚያው ዓመት ነው። ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም የሚሰጠው ይህ መድኃኒት በአጥንት ቀዶ ሕክምናም መድማትን በግልጽ ይቀንሳል። የሚሠራው ግን የረጋው ደም እንዳይሟሟ በመጠበቅ ነው፤ ያልተሠራ ፕሮቲን፣ ያልተወለደ ፕላትሌት አይተካም።

መድማት ሌላም መዘዝ አለው፤ ቁስል ውስጥ የተጠራቀመ ደም ለጀርም ምቹ ነው። ብረቱ ዙሪያ መመረዝ ከገባ ብዙ ጊዜ እንደገና መክፈት፣ አንዳንዴም ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆናል። በሌላ በኩል ከቅየራው በኋላ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ማቅጠኛ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ለዳሌ እስከ 35 ቀን ሊቀጥል ይችላል። የደደረ ጉበት ያለው ሰው ከመርጋትም ነጻ ስላልሆነ ማቅጠኛውን መተው አይቻልም፤ መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ ይወሰናል። በእነዚህ 35 ቀናት ማቅጠኛው ላይ የሚታከል እያንዳንዱ መለኪያ፣ የሠርግም ሆነ የተዝካር፣ ወደ መድማት ይገፋል፤ ሰውየው በምርኩዝ ስለሚሄድ ሰክሮ የመውደቁ አደጋም አለ።