ጀሪካኑ ከጓዳ ይውጣ

የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ የዕድሜ እኩዮቼ፣ የቅሬ አባቶችና እናቶች፤ ዛሬ የምናገረው ለልጆች አይደለም። ልጆቹን የሚመክር ሞልቷል። ቤንዚኑን በሃይላንድ እየቀዳ አስፋልት ዳር የሚሸጠው ጎረምሳው ነው፤ ጀሪካኑ የሚያድርበት ጓዳ ግን የእኛ ነው። የጓዳውን ኪራይ የምንቀበለውም እኛው ነን።

ነዳጅ በቤት ማስቀመጥን ያመጣብን ችግር ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማችን በጦርነት ተይዛ በነበረበት ጊዜ ምን እንደጠፋ ታውቃላችሁ። ከዚያም ወዲህ ማደያው ደርቆ ባጃጅ ተሰልፎ የሚውልበት ቀን ጥቂት አይደለም። የሐብሩ ገበሬም የመስኖ ሞተሩን በምርቃት አያስነሳም። ሕጉ የሚለውን ባለሥልጣን ይናገር፤ እኔ የምፈራው እሳቱን ነው።

ከእሳቱም ይልቅ የምፈራው እኛ «እናውቃለን» የምንለውን ነገር ነው። ያደግነው በላምባ ነው። በኩራዝ አምሽተናል፣ የፈሰሰውን ላምባ በጨርቅ ጠርገን እዚያው ተኝተናል። እናም ቤንዚኑን በላምባው ልክ እንገምተዋለን።

የፈሳሽን አደጋ የሚመረምር ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትነቱ ከስንት ዲግሪ ጀምሮ ብልጭታ ይቀበላል?» ብሎ ነው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ የሚነሣው ትነት ነውና። ለላምባ መልሱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው፤ ናፍጣ 50ን ያልፋል። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ገደማ ነው፤ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ውርጭ ውስጥ እንኳ ክብሪት ካገኘ ይያያዛል። በጋራዡና በእንጨት ቤቱ ያለው ቲነርም ከላምባ ይልቅ ወደ ቤንዚን የሚጠጋ ነው።

ቁጥሮቹ ደግሞ የተሰጡት በባሕር ጠለል ላይ ላለ የአየር ግፊት ነው። ወልድያ ያለችው 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ፈሳሽ ቶሎ ስለሚተን ቁጥሩ 5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። 38 የተባለው ላምባ እዚህ 33 ላይ ያሰጋል ማለት ነው። መርሳ በከፍታ ትንሽ ዝቅ ብትልም፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሱቅ ከዚህ በላይ መሞቁን የገባበት ያውቀዋል። ያመንነው ላምባ ራሱ የዋህ አልነበረም። ነጋዴ ጥቂት ቤንዚን ጠብ ካደረገበት፣ ወይም ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ከተቀዳ፣ ከዚያ ወዲያ ላምባ አትበሉት። ቀለሙም ሽታውም ላያሳብቅ ይችላል፤ ኩራዝ ውስጥ ገብቶ ሲለኮስ ግን ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ስለ ቡናችን ልናገር። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይከብዳል፤ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ እንደ እባብ መሬት ለመሬት ይሳባል። ቡናችንስ የሚፈላው የት ነው? መሬት ላይ፣ በከሰል ምድጃ። በወሎ ቤት ደግሞ ፍም የሚጠፋበት ሰዓት ስንት ነው! የጓዳው ጀሪካን ክዳኑ ከላላ፣ ትነቱ በበሩ ሥር ሾልኮ ረከቦቱ ዘንድ ይደርሳል፤ ፍሙን ሲያገኝ እሳቱ ትነቱ የመጣበትን መንገድ ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል። አቦሉ ሳይቀዳ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ተንኖ ቢያልቅ 15 ሜትር ኩብ ያህል አየር እሳት የሚቀበል ያደርጋል፤ ይህ አንዲት አነስተኛ ሱቅ እስከ ጣሪያዋ ማለት ነው። ከመቶ እጅ አንድ ተኩል ትነት አየሩ ውስጥ ከገባ ይበቃል። ስለዚህ «ጥቂት ናት፣ ለነገ ናት» አትበሉኝ።

ባዶ ነው ብላችሁ የምትወረውሩት ጀሪካን ደግሞ ከሙሉው ሊብስ ይችላል። በሙሉው ውስጥ አየር ብዙ ቦታ የለውም፤ በባዶው ትነትና አየር ተቀላቅለው ብልጭታ ይጠብቃሉ። የነዳጅ በርሜል ሳያጸዳ በብየዳ የሚከፍት ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

ቤንዚን ሲነድ ውኃ አትድፉበት፤ ከውኃ ስለሚቀል ተንሳፎ እሳቱን ወደ ጎረቤት ይዞት ይሄዳል። አፈርና አሸዋ ይሻላል። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል። የተቃጠለውን ገላ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበትና ወደ ሆስፒታል አድርሱት፤ ቅቤና እንቁላል ይቅር።

በመንገዳችን የሚያልፈውን ቦቴም አልረሳሁም። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ሞሮጎሮ በምትባል ከተማ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2011 የነዳጅ ቦቴ ተገለበጠ። ሕዝቡ የፈሰሰውን ሊቀዳ ዕቃ ይዞ ተሰበሰበ፤ እሳቱ ሲነሣ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። እነሱም እንደኛ ድሆች ነበሩ፤ በነጻ የፈሰሰ ነገር ማለፍ ከብዷቸው ነው። ቦቴ ወደቀ ሲባል ቀድማችሁ ውጡና በነፋሱ መምጫ በኩል ቁሙ፤ ጀሪካን ይዞ የሚሮጠውን የልጅ ልጅ መልሱ። ለዚህ ጊዜ ሽምግልናችን ካልጠቀመ ለምን እንደምንከበር አላውቅም።

ጀሪካን ጓዳቸው ያስቀመጡ ሦስት ቤቶች አውቃለሁ። ዛሬ ስም አልጠራም፤ እንግዳ አለ፣ ልጆችም ይሰማሉ። እስከሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ካልወጣ ግን በየተራ እጠራለሁ፤ የመጀመሪያው የሥጋ ዘመዴ ነው።