ለአሮጌው ላንድክሩዘር ጥብቅና

እኛ የባንክ ሰዎች መኪናን በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ እያሰላንለት በወረቀት ላይ ቀስ በቀስ እንገድለዋለን። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ከቀረበው ከላንድክሩዘር 70 ዘንድ ሲደርስ ግን ይሳሳታል ባይ ነኝ። የአሮጌዎቹ ባሌስትራና ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው የናፍጣ ሞተራቸው የወረዳ መካኒክ በመፍቻና በጆሮው የሚፈውሳቸው ናቸው። (ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፤ ከጣልያን የወረስናቸው እነዚህ ቃላት ዘይት በነካው አፍ ሲነገሩ እንዴት አማርኛ አማርኛ ይሸታሉ!)

ሆኖም ይህ ጽናት ቸልተኝነትን አይታገሥም። ጭቃ ሳይገቡ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጅ አዙሮ መቆለፍ፣ ወንዝ ሳይሻገሩ ጥልቀቱን በእግር መለካት፣ ከተሻገሩም በኋላ የዲፈረንሻሉን ዘይት ማየት ግድ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶታልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር፤ አለዚያ ኩሽኔታውም ጥርሱም ተበልቶ ያልቃል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መጠበቅ የፍላጎት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በየገጠሩ ምጥ የጸናባትን እናት ከቆላ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወጣው አምቡላንስም የዚሁ መኪና ዘር ነው። ታዲያ ዘይት የመቀየሪያው ቀን ሲደርስ «በጀት የለም» የሚባለው ለየትኛው ቁጠባ ይሆን?