የመሪ ጩኸት በሸጎሌ ከፍታ፦ ፓምፑ ከመለወጡ በፊት

ማለዳ ከሸጎሌ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ሞተሩ እንደተነሣ መሪው ሲጠመዘዝ የሚያሰማው ጉርምርምታ ለሰፈሩ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ባለ ንብረቱ ግን ድምፁን ሲሰማ የሚያስበው ወጪውን ነው። ጋራዥ ሲደርስም የሚጠብቀው ብይን አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ «ፓምፑ ሄዷል፤ ይለወጥ»። ብይኑ አንዳንዴ ትክክል ይሆናል። የሚያሳስበው ምርመራ ሳይቀድመው መሰጠቱ ነው፤ ድምፁ ራሱ በአግባቡ ከተደመጠ ጥፋቱ የት እንዳለ የሚጠቁም ማስረጃ ነውና።

በዘይት የሚሠራ ፓወር ስቲሪንግ ውስጥ ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑም ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ወስዶ በከፍተኛ ግፊት ወደ መሪው ሳጥን ይልካል። «ፓምፑ ዘይት ይስባል» ሲባል የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው በማጠራቀሚያው ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነው የሰሜን አዲስ አበባ ከፍታ ግን ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማጣሪያው በጥቂቱ ሲደፈን፣ የመምጠጫው ቱቦ ሲላላ ወይም ዘይቱ በማለዳው ብርድ ሲወፍር ፓምፑ ቶሎ ይራባል። በዘይቱ ውስጥ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ አረፋውም ከፍተኛ ግፊት ወዳለበት ክፍል ሲገባ በድንገት ይጨፈለቃል። ጉርምርምታው የዚህ ውጤት ነው። ድምፁ ችላ ከተባለ የፓምፑ ብረት ቀስ በቀስ ይበላል፤ ያን ጊዜ «ፓምፑ ሄዷል» የሚለው ብይን ዘግይቶ እውነት ይሆናል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ዝም ያለ መኪና ሸጎሌ ወጥቶ ቢያጉረመርም ሊያስደንቅ አይገባም።

ድምፆቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከሞተሩ ዙር ጋር እየጨመረ የሚሄድና መሪው ሲጠመዘዝ የሚብስ ጉርምርምታ በመጀመሪያ የሚያመለክተው የዘይት ማነስን ወይም የአየር መግባትን ነው፤ የማጠራቀሚያው ክዳን ተከፍቶ ዘይቱ አረፋ ይዞ ከታየ ጥርጣሬው ይጠናከራል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የሚሰማ ሹል ጩኸት ከፓምፑ ይልቅ የሚንሸራተት ቺንጋን ይጠቁማል። ቺንጋው ላይ ጥቂት ውኃ ሲረጭ ጩኸቱ ለአፍታ ከተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ቺንጋው ያመራል። በዚያው ጫፍ ላይ የሚሰማው «ሽሽሽ» ደግሞ ግፊት ማስተንፈሻው ሥራውን ሲሠራ የሚሰጠው ድምፅ ስለሆነ በራሱ ሕመም አይደለም፤ ሕመም የሚሆነው አሽከርካሪው መሪውን እዚያው ይዞ ሲቆይ ነው። በኮብልስቶን ላይ የሚሰማው ኳኳታ ከዘይቱ ጋር እምብዛም ግንኙነት የለውም። ሞተሩ ጠፍቶ መሪው ወዲያና ወዲህ ሲነቀነቅ ኳኳታው ከቀጠለ ፓምፑ ነፃ ነው፤ ሊመረመሩ የሚገባቸው የመሪው ዘንግ መጋጠሚያዎች ናቸው። እንደ ቪትዝ ባሉ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ባላቸው መኪኖች ላይ ግን የዘይት ምርመራ ትርጉም የለውም።

የዘይቱ ዓይነትም እንደ ቀላል ነገር ይታያል። በርካታ የቶዮታ ሞዴሎች ለመሪ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲጠቀሙ፣ ሆንዳ የራሱን የተለየ ዘይት ይጠይቃል። «ዘይት ዘይት ነው» በሚል የፍሬን ዘይት የተጨመረበት ሥርዓት የላስቲክ ማሸጊያዎቹ ይበላሻሉ፤ አዲስ ፓምፕ ቢገጠምለትም አይድንም። አየር የገባበትን ሥርዓት ለማስተንፈስ ደግሞ መለዋወጫ አያስፈልግም፦ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ይዞራል፤ የጎደለውም ዘይት ይሞላል። ብዙም ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ይህ ክርክር ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተወድዷል። በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ረጅም ዘመን ያገለግላሉ፤ በስህተት የተጣለ እያንዳንዱ ፓምፕም የውጭ ምንዛሪ ብክነት ነው። ከገንዘቡም በላይ የሕይወት ጉዳይ አለ፦ ቁልቁለት ላይ ቺንጋው የተበጠሰበት የጭነት መኪና መሪ በቅጽበት ይከብዳል፤ ቺንጋው ደግሞ ከመበጠሱ በፊት ብዙ ጊዜ ጮኾ ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ የመሪን ልቅነት በማየት ሳይወሰን ድምፁንም ማድመጥ ይኖርበታል። እንደ ጄኔራል ዊንጌት ያሉ ፖሊቴክኒክ ኮሌጆችም ነባር መካኒኮች በጆሯቸው የሚያውቁትን ድምፅ ቀርጸው ማስተማሪያ ሊያደርጉት ይገባል፤ ይህ እውቀት በጽሑፍ ስላልሰፈረ ብቻ ከእውቀት አለመቆጠሩ አግባብ አይደለም። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ደግሞ የሸጎሌ የአውቶቡስ ዴፖ ምቹ የምርምር ስፍራ ነው፦ አንድ ዓይነት አውቶቡሶች በርከት ብለው በአንድ ከፍታ ላይ ያድራሉ። በየማለዳው የተሰማው ድምፅ፣ የዘይቱ መጠንና የአየሩ ሙቀት ቢመዘገብ፣ በኋላም ከተለወጠው ዕቃ ጋር ቢነጻጸር፣ ከተለወጡት ፓምፖች ስንቱ በእርግጥ የሞቱ እንደነበሩ ማወቅ ይቻላል።