ጆሮም ይታለላል

በዚህ ዓምድ ስለ ባልና ሚስት ኑሮ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ገንዘብ ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬው ጉዳይ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እስከ መጨረሻው ስታነቡት ግን የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኖ እንደምታገኙት እናምናለን።

በአሜሪካ ሜሪላንድ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖር አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦

«ባለቤቴ መልካም ሰው ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው። አንድ ፍቅር አለው፤ እርሱም ጥሩ ድምፅ ያለው ማጫወቻና ስፒከር ነው። በዚህ ተቃውሜው አላውቅም። ባለፈው ወር ግን ልብስ ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የ1,850 ዶላር ደረሰኝ አገኘሁ። ስፒከር ቢሆን ምንም አልልም ነበር፤ የገዛው ግን ሽቦ ነው! ሁለት የስፒከር ሽቦና አንድ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የመብራት ገመድ። ስጠይቀው ‹ድምፁ እንዴት እንደ ተለወጠ አትሰሚም? መጋረጃ የተገፈፈ ያህል ነው› አለኝ። ቁጭ ብዬ አዳመጥሁ፤ ለእኔ ያው ነው። ‹አንቺ ጆሮ የለሽም› አለኝ። አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ባለቤቴ እየዋሸኝ ነው? ወይስ እውነትም ጆሮዬ አይሰማም?»

ውድ እህታችን፣ ሁለቱም አይደለም። ባለቤትሽ አልዋሸሽም፤ ጆሮሽም ደኅና ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ቀስ ብለን እንመልከት።

ገበያው

ባለቤትሽ የገባበት ገበያ የቆየና ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በአሜሪካ «ታይስ ክሎክ» የሚባል ተራ የጠረጴዛ ሰዓት በ350 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሰዓቱ ልዩ አያያዝ ተደርጎለታል፤ ግድግዳው ላይ ከተሰካ የቤቱን ኤሌክትሪክ ሥርዓት ያስይዛል፤ ሙዚቃውም ያምራል ተባለ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የሲዲን ጠርዝ በአረንጓዴ እስክሪብቶ መቀባት ድምፁን ያሻሽላል የሚል ወሬ ተነዛ፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ እስክሪብቶም ለገበያ ቀረበ። ሲዲውን የሚያነብበው ጨረር ግን ዐይን የማያየው ጨረር ሲሆን ከሲዲው ላይ የሚለቅመውም ቁጥር ነው፤ ጠርዙ አረንጓዴ ስለ ሆነ ቁጥሩ አይለወጥም።

በ2008 ታዋቂው የዴኖን ኩባንያ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ፣ ኮምፒውተርን ከኔትወርክ ከሚያገናኘው ገመድ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ኬብል በ499 ዶላር አቀረበ። የትኛው ጫፍ በየት በኩል እንደሚሰካ የሚያሳይ የቀስት ምልክትም ነበረበት። እንዲህ ያለው ኬብል የሚያመላልሰው ቁጥር ነው። ቁጥር ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም፤ አምስት ቁጥር ሲላክ «ሞቅ ያለ አምስት» ሆኖ አይደርስም።

በ2007 ደግሞ ጄምስ ራንዲ የተባለው፣ በ2020 ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው ሰው፣ ዋጋው 7,250 ዶላር የሆነውን የፔር ኩባንያ «አንጁ» የስፒከር ኬብል ዐይኑን ሳይጠቀም ከሌላው ኬብል የሚለይ ሰው ቢገኝ ድርጅቱ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። አንድ የታወቀ የድምፅ መሣሪያ ጸሐፊ እፈተናለሁ ብሎ ተነሣ፤ ኩባንያው ግን ከነገሩ ራሱን አገለለ፤ ፈተናውም ሳይካሄድ ቀረ። እስቲ አስቡት፤ የ7,250 ዶላር ሽቦ የምትሸጡ ብትሆኑና ልዩነቱን ማንም በግልጽ የሚሰማው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ታሳልፉት ነበር?

ያልዋሸው ልጅ

ይሁን እንጂ የሚገዙት ሁሉ ሞኞች ወይም ውሸታሞች ናቸው ብለን ብንደመድም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ይህን የሚያሳየን አንድ የቆየ ታሪክ አለ።

በ1784 በፈረንሳይ አገር የሜስመር ተከታዮች በማይታይ ማግኔታዊ ኃይል በሽተኛ እንፈውሳለን ይሉ ነበር። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በኮሚቴውም ውስጥ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዋዝዬ ነበሩበት። በፍራንክሊን ግቢ ካሉት የፍሬ ዛፎች በአንዱ ላይ ኃይሉ እንዲያድርበት ተደረገ። ከዚያም ኃይሉ ቶሎ ይሰማዋል የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ዐይኑ ተሸፍኖ ወደ አራት ዛፎች በየተራ ተወሰደ፤ ከአራቱ አንዱም ኃይል አለበት የተባለው ዛፍ አልነበረም። ልጁ በእያንዳንዱ ዛፍ ዘንድ እየባሰበት ሄደና አራተኛው ጋ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ።

ልጁ ዋሽቷልን? አልዋሸም። የተሰማው እውነተኛ ስሜት ነው፤ የወደቀውም እውነተኛ መውደቅ ነው። ስሜቱ የመጣው ግን ከዛፉ ሳይሆን ይመጣል ብሎ ከጠበቀው ነገር ነው። ባለቤትሽም እንዲሁ ነው። ብዙ ዶላር የተከፈለበት፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ በሚያምር ጨርቅ የተጠቀለለ ሽቦ ሲሰካ ጆሮው ገና ሳይከፈት ፍርዱ ተሰጥቷል። «ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ይባል የለም? ጆሮ የልብን ፍርድ ተከትሎ ይመሰክራል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ጥቂት ከፍ ያለው የተሻለ መስሎ ይሰማናል። ሁለተኛ፣ አንድን መዝሙር በድጋሚ ስንሰማው ቀድሞ ያላስተዋልነውን የክራር ምት እናስተውላለን፤ በመካከሉ ሽቦ ከተለወጠ ምስጋናው ለሽቦው ይሄዳል።

ሽቦ ምን ይሠራል?

ሽቦ ሁሉ አንድ ነው ማለታችንም አይደለም። ተራው 16 ቁጥር የመዳብ ሽቦ ከአምፕሊፋየር እስከ ስፒከር 3 ሜትር ቢዘረጋ፣ ደርሶ መልሱ ተደምሮ ለኤሌክትሪኩ የሚያስቸግረው 0.08 ኦም ያህል ነው። ስፒከሩ ራሱ 8 ኦም ቢሆን ይህ መቶኛው እጅ ነው። እንደ ስልክ ሽቦ ቀጭን የሆነው 24 ቁጥር ግን ግማሽ ኦም ያህል ይደርሳል፤ ይህም ድምፁን በግማሽ ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። አዳራሽ ውስጥ 30 ሜትር የሚዘረጋ ከሆነ ወፈር ያለ ሽቦ ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ግን ውፍረት ነው፤ ውፍረት ደግሞ ከዕቃ መደብር በሜትር በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1983 ይህንኑ በአድማጮች አስፈትኖ ነበር። አድማጮቹ ቀጭኑን 24 ቁጥር በሙከራ ድምፅ ለይተውታል። ሙዚቃ ሲከፈት ግን ውዱን የሞንስተር ኬብል ከ16 ቁጥሩ ተራ የመብራት ሽቦ መለየት አልቻሉም።

ስለ መብራት ገመዱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ። ኤሌክትሪኩ ከማመንጫው ተነሥቶ ብዙ ኪሎ ሜትር በተራ ሽቦ ተጉዞ፣ በቤታችሁ ግድግዳ ውስጥ ባለው ተራ ሽቦ አልፎ ነው ሶኬቱ ጋ የሚደርሰው። የመጨረሻዋ ሁለት ሜትር ብቻ ልታጠራው ትችላለችን?

ከእኛ መካከል በካሴት ዘመን ያደግን፣ የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ መጥረግን አንረሳውም። ሲጠረግ የታፈነው ድምፅ ይከፈት ነበር፤ ቆሻሻው ቴፑ ሄዱን በደንብ እንዳይነካ ያደርግ ነበርና። ልዩነቱን ለመስማት የተለየ ጆሮ አላስፈለገም። መጠረጉን የማታውቅ እናታችን ከጓዳ ሆና «አሁን ገና ተሰማ!» ትል ነበር። እውነተኛ ለውጥ እንዲህ ነው፤ ያልተነገረውም ሰው ይሰማዋል።

«ካፈርኩ አይመልሰኝ»

አንድ ወጥመድ እንጠቁማችሁ። አንዳንድ ሻጮች «ሽቦው እስኪላመድ 200 ሰዓት አጫውቱበት» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ዕቃ ለመመለስ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። በ30 ቀን 200 ሰዓት ለመሙላት በየቀኑ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ማጫወት ያስፈልጋል፤ ሠርቶ የሚያድር ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ሽቦው «ተላመደ» ሲባል ቀኑ ያልፋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚላመደው የሰውዬው ጆሮ ነው። ከዚያ በኋላ «ተታለልሁ» ማለት በሚስት ፊት ማፈር ስለሚሆን «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብሎ ሌላ ሽቦ ይጨምራል።

በቤታችሁ ፈትኑት

ስለዚህ ለእህታችን የሚከተለውን መከርናት፦

1ኛ. አሮጌውንና አዲሱን ሽቦ አዘጋጁ። በየዙሩ ሳንቲም ጣይ፤ ዘውድ ከወጣ አዲሱን፣ ጎፈር ከወጣ አሮጌውን ስኪና በወረቀት ላይ ጻፊ። ሽቦ ሲለወጥ አምፕሊፋየሩ ይጥፋ።

2ኛ. እርሱ በዚያ ጊዜ ሌላ ክፍል ይቁም። ተመልሶ ሲመጣ ሽቦው በጨርቅ ይሸፈን፤ አንቺም ፊትሽ እንዳይነግረው ከክፍሉ ውጪ።

3ኛ. የድምፁ መጠን አይነካ፤ መዝሙሩም አንድ ይሁን።

4ኛ. 16 ዙር አድርጉ። በግምት ብቻ 12ና ከዚያ በላይ ማግኘት ከመቶ አራት ጊዜ ያህል ብቻ የሚሆን ነው። 12 ካገኘ ይቅርታ ጠይቂው፤ ስምንት ዘጠኝ ካገኘ ግን ዝም በዪ። ፈተናው ሽቦውን ለመፈተን እንጂ ባልሽን ለማሳፈር አይደለም።

መልሳችንን አስቀድመን ለብቻዋ ልከንላት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የጻፈችውን በሁለቱም ፈቃድ እናካፍላችሁ። እርሱ 9 አገኘ። እርሷም በተራዋ ተቀመጠችና 7 አገኘች። «ሁለታችንም ጆሮ የለንም» ብሎ ሳቀ ትላለች፤ ከዚያም ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የመብራት ገመዱን ሻጩ መልሶ ተቀበለ። የስፒከሩ ሽቦ ግን በልክ የተቆረጠ ስለ ነበር አልተመለሰም፤ 1,100 ዶላር እንደ ወጣ ቀረ።

ትልቁ ንግግር የተነሣው ከዚያ በኋላ ነበር። እርሷን ያሳዘናት ዋናው ነገር ሽቦው አልነበረም፤ ደረሰኙ ኪስ ውስጥ መደበቁ ነው። እርሱም፣ ከሥራ ደክሞ ሲገባ በቤቱ የራሴ የሚለው ነገር ይህ ብቻ እንደ ሆነና «ለምን?» መባልን ፈርቶ እንደ ደበቀ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዶላር በላይ የሆነ ነገር ሁለቱም ሳይነጋገሩ ላይገዙ ተስማምተዋል። ስፒከሮቹንም ከጥግ አውጥተው በእኩል ርቀት አስቀመጧቸው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፉ። ለውጡን በዚያ ቀን ከውጭ የገባችው ልጃቸው ማንም ሳይነግራት ሰማች።

ውድ ባለትዳሮች፣ የእናንተ ቤት ሽቦ ምናልባት ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል። ገንዘብ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ዐይን ተሸፍኖ ሊፈተን የሚችል ነገር ከሆነ ፈትኑት፤ ሲፈትንም የሚያግዛችሁ የትዳር ጓደኛችሁ ይሁን። «አትሰሚም» ከማለት «አብረን እንስማ» ማለት ይቀላል።

እህታችን ደብዳቤዋን የጨረሰችው እንዲህ ብላ ነው፦ «ሽቦው ዛሬም እንደ ተሰካ ነው። ባለቤቴ አንዳንዴ ‹ይህን ሰማሽው?› ይለኛል። እኔም ‹ሰማሁት› እለዋለሁ። መዝሙሩን ማለቴ ነው።»