የጨቅላው የመጀመሪያ ትንፋሽ፦ አየር ወይስ ኦክስጅን?

በሱሉልታ፣ በቡራዩ ወይም በሰበታ ጤና ጣቢያ አንድ ሕፃን ተወልዶ አላለቀሰም እንበል። አዋላጇ ሰውነቱን አድርቃ ጀርባውን ብታሸውም አይተነፍስም። በር ላይ የቆመው ቤተሰብ «ኦክስጅን ስጡት!» ይላል። ለመሆኑ በዚያች ደቂቃ ሕፃኑን የሚያድነው ንጹሕ ኦክስጅን ነውን?

ለረጅም ዘመን የሕክምናው ዓለም መልስ «አዎን» ነበር። የጎደለውን መሙላት ነውና ነገሩ ለአእምሮ የቀረበ ይመስላል። የሕዋስ ኬሚስትሪ ግን ሌላ ይነግረናል። አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ የኃይል ምንጩ የሆነው ኤቲፒ ይፈርሳል፤ ከፍራሹም ሃይፖዛንቲን የተባለ ውህድ ይከማቻል። ኦክስጅን በብዛት ሲመለስ ይህ ውህድ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ነፃ ራዲካሎችን ያስገኛል፤ እነርሱም የሕዋሱን ሽፋንና ዲኤንኤ ያጠቃሉ። ስለዚህ አንጎል የሚጎዳው በሚታፈንበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሚያገግምበትም ጊዜ ነው።

ኖርዌያዊው ሐኪም ኦላ ሳውግስታድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በስድስት አገሮች በ609 ሕፃናት ላይ ተራ አየርን ከንጹሕ ኦክስጅን ጋር አነጻጸሩ፤ አየሩ የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። በ2019 መሰል ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ፣ ቀናቸው ደርሶ ወይም ሊደርስ ተቃርቦ በተወለዱ ሕፃናት ላይ በአየር የተጀመረው እርዳታ ሞትን በሩብ ያህል ቀንሶ ታየ። በተረፉት ሕፃናት የአእምሮ እድገት ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 ከ32 ሳምንት በላይ ለሆኑ ጨቅላዎች እርዳታው በአየር እንዲጀመር መክሯል።

ታዲያ «አየር» ሲባል የየት አገር አየር ነው? ኦክስጅን በየትም ስፍራ የአየር 21 በመቶ ነው፤ ግፊቱ ግን ከከፍታ ጋር ይቀንሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ በምትገኘው ሱሉልታ የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚያ የሚተነፈሰው አየር በባሕር ዳርቻ 16 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ካለው አየር ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው። በአንጻሩ በየደቂቃው የሚጠበቀውን የደም ኦክስጅን መጠን የሚያሳየውና በዓለም የታወቀው ሠንጠረዥ የተሠራው በሜልበርንና በቫሌንሲያ፣ በሁለት የባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ በተወለዱ 468 ሕፃናት ላይ ነው። በፔሩ በ4,340 ሜትር ከፍታ በሴሮ ዴ ፓስኮ የተወለዱ ጤናማ ሕፃናት ከሊማዎቹ ያነሰ መጠን እንደነበራቸው በ2005 ተዘግቧል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሳንባው ያልተከፈተ ሕፃን ሲሊንደር ሙሉ ኦክስጅን ቢቀርብለት አይጠቅመውም። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ በአምቡ ባግ አየር ሊገባለት ይገባል። ሲሊንደር ፍለጋ መሮጥም ሆነ እስትንፋስ ሳያገኝ ወደ አዲስ አበባ መላክ ያችን ደቂቃ ማባከን ነው። ሁለተኛ፣ የደጋው ሕፃን በደጋ መለኪያ ሊመዘን ይገባዋል። በባሕር ዳርቻው ሠንጠረዥ ብቻ ከዳኘነው ጤነኛውን ታማሚ ብለን የማያስፈልገውን ኦክስጅን እንሰጠዋለን። ያለ ልኬት «ደጋ ነው፣ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው» ካልን ደግሞ በእርግጥ የታፈነውን እንስታለን። ሁለቱም ስሕተቶች አንጎል ያስከፍላሉ።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ በመጀመሪያው ወር ሞተዋል፤ ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱም መታፈን ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የማዋለጃ ክፍል አምቡ ባግና የሠለጠነ እጅ ይኑር፤ ፐልስ ኦክሲሜትርም ይጨመርበት። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ርእስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በሰላም የሚወለዱ ሕፃናትን በየደቂቃው መለካት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት፣ የወላጆች ፈቃድና የአዋላጆች ትብብር ይበቃል። የሌሎችን ሠንጠረዥ ማንበብ ትምህርት ነው፤ የራስን መሥራት ግን ሳይንስ ነው።